የመምህር አበራ ጣትና ፍልፈል ገዳዩ ዑመይር

ፍልፈል ገዳዩ ዑመይር የመምህር አበራን ጣት በጥርሱ ቆርጦ ዋጠ። ምክንያቱም መምህሩ "ፍልፈልን አላህ አልፈጠረውም" ስላለ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቡታጅራ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ቢኖር ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም፤ ያልተወለደውም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሆኖ ጨረፍታውን ሰምቷል።

ወሬው መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ሲሳፈር አንድ ጣት ነበር። ቡኢ ሲደርስ ሁለት ሆነ። መርካቶ በርበሬ ተራ ሲወርድ እጁ እስከ ክርኑ ሄዷል። ከዚያ ተዟዙሮ ወልቂጤ ሲገባ መምህሩ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሠልስቱ ወጥቷል። ጉንችሬ ገበያ ላይማ አንዲት ቅቤ ሻጭ "ለቅሶው ላይ ነበርኩ" ብላ ንፍሮው ጨው እንደበዛበት አወራች።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን መጠራጠሩ አይቀርም። አንደኛ ነገር፣ ዑመይር ጣት የሚቆርጥ ጥርስ የለውም። ፊት ለፊት የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ጀርባ ተሰጣጥተው የቆሙ። ዳቦ የሚበላው ሻይ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በዱአ ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ሠልስቱ ወጣ የተባለው መምህር በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከነነፍሱ ተሰልፎ ይታያል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዑመይር በአላህ ነገር ተቆጥቶ አያውቅም። እንዲያውም በፍልፈል ጉዳይ አላህን ሲወቅስ ነው የኖረው።

ዑመይር የመስቃን ሰው ነው። አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ቤቱም ከቡታጅራ ዳር፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ የሚጀምርበት ላይ ነው። ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ሥራው አንድ ነው፦ ፍልፈል መግደል። ፍልፈል ከመሬት በታች የሚኖር፣ የአይጥ ወፍራም ታላቅ ወንድም ነው። እንሰት አድጎ ቆጮ እስኪሆን ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ፍልፈል ከሥር ገብቶ ልቡን በልቶ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ባለቤቲቱ ጠዋት ወጥታ ስታይ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቁመናው ያማረ፣ ሙሽራ የመሰለ እንሰት ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፋስ ይመጣና ሙሽራው ዘጭ። ይሄኔ ነው "ዑመይርን ጥሩልኝ" የሚባለው።

አገዳደሉን ያየ ሰው ለሦስት ቀን ሥጋ አያምረውም። ጉድጓዱን ይከፍታል። ፍልፈል ነፋስና ብርሃን ጠላቱ ስለሆነ ቀዳዳውን ሊደፍን እየተጣደፈ ይመጣል። ዑመይር ደግሞ እዚያው መተላለፊያው ላይ ሽቦ ዘርግቶ፣ ሽቦውን ከታጠፈ እንጨት ጋር አስሮ ይጠብቀዋል። ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ሲያስገባ እንጨቱ ይፈናጠርና አንገቱ የደረቀ በርበሬ ሲቀነጠስ የሚሰማውን ድምፅ አሰምቶ ይሰበራል። ያልተሰበረለትን በዱላ፣ ዱላ ያመለጠውን በተረከዙ ይጨርሰዋል። በሃያ ዓመት የጨፈጨፈው ፍልፈል በሰልፍ ቢቆም ጫፉ ዝዋይ ደርሶ ውኃ ጠጥቶ ይመለስ ነበር።

ፍልፈሎቹም እጃቸውን አጣምረው አልሞቱም። ከቀኝ አውራ ጣቱ ግማሽ ጥፍር ወስደዋል። ከግራ ጆሮውም ጫፏን፣ ጆሮውን ቀዳዳው ላይ ደፍቶ ሲያዳምጣቸው፣ ምን ቸገረን ብለው አንስተዋታል። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ተቆጥሮ አያልቅም።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ግን ሚስት አላመጣለትም። ሰው ሲቸግረው ይጠራዋል፣ ሲጨርስ ቆጮውን ከደጅ ያቀብለዋል። "እጁ ሬሳ ሬሳ ይሸታል" ይባላል። ከሁሉም ይበልጥ ይህን የሚለው በርበሬ ነጋዴው ሙስተፋ ነው። ሙስተፋ መሕቡባ የምትባል ባሏ የሞተባት እህት አለችው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ የእንሰት ጓሮ ያላት፣ ቀልደኛ፣ ጉልበታም ሴት። ዑመይር ጓሮዋ ውስጥ ሁለት ዓመት ፍልፈል ሲገድል ከርሞ ልቡን እዚያው ጥሎ ቀረ። እርሷም አልጠላችውም። ቆጮውን ከደጅ ሳይሆን ከውስጥ አስቀምጣ የምታበላው እርሷ ብቻ ናት። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሙስተፋ ግን ሽማግሌዎቹን ገና ሳይቀመጡ "እህቴን ለፍልፈል ገዳይ? ለፍልፈሉ ብሰጣት ይሻለኛል፤ እርሱ ቢያንስ ቤት አለው" ብሎ መለሳቸው።

መምህር አበራ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከወደ ሶዶ የመጣ የክስታኔ ልጅ፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ። ሥራው ባዮሎጂ ማስተማር ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ በዚያን ጊዜ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነበርና። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ እየጋለበ ያስተምራል፣ መምህሩ ማብሪያ ማጥፊያውን ይጠብቃል። መምህር መምህር የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ነው። ደግነቱ ቡታጅራ መብራት በማጥፋት በኩል ለትምህርት ያላደረገችው አስተዋጽኦ የለም።

ከነዚህ ብሩካን ቀናት በአንዱ አበራ ስለ ፍልፈል ዓይን አስተማረ፤ ከመሬት በታች ስለሚኖር ዓይኑ እየኮሰሰ እንደሄደ። ተማሪዎቹ "እናያለን" አሉት። ስለዚህ አበራ፣ ዑመይር ጠዋት ጠዋት ወደሚቀመጥበት ወደ ዘይባ ሻይ ቤት መጣ።

"ጋሽ ዑመይር፣ በሕይወቱ ያለ ፍልፈል ፈልጌ ነበር።"

"በሕይወቱ?" አለ ዑመይር፣ ዳቦ ጋጋሪ ሊጥ ሽጥልኝ እንደተባለ ሁሉ። "እኔ ዘንድ የመጣ ፍልፈል በሕይወቱ አይሄድም፣ መምህር። ምን ያደርግልሃል?"

"ዓይኑን ላሳያቸው ነው። የማያይ ዓይን ነው።"

"ማን ነው የማያይ ያለህ? እኔን አይቶኛል። አይቶኝ ነው የነከሰኝ።"

"እሺ፣ ትንሽ ያያል። ግን ለምን ይህን ያህል አነሰ?"

"ሥራው ስላነሰ ነዋ። አላህ የሠራውን ያውቃል። ይልቅ ከንፈሩን አይተሃል?" ዑመይር ወንበሩን ሳብ አደረገ። ስለ ፍልፈል የሚጠይቀው ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ይኼ የመጀመሪያው ነው። "ፍልፈል የሚቆፍረው በጥርሱ ነው። አፈር ሲገምጥ ውሎ አፈር ጉሮሮው አይገባም። ለምን ይመስልሃል? ከንፈሩ ከጥርሱ በስተኋላ ነው የሚገጥመው። ጥርሱ ውጭ፣ አፉ ዝግ። ውሻውን ውጭ አስሮ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ይህን ማን አሰበው? እኔ ሃያ ዓመት ስገድለው አልታሰበኝም።"

"ማንም አላሰበው። ከንፈሩ ያልገጠመለት አፈር በልቶ ታፍኖ ሞተ። የገጠመለት ወለደ። ልጆቹም እርሱን መሰሉ። ይህ ስንት ሺህ ዓመት ሲደጋገም ነው እንዲህ የሆነው።"

"አንተ ዘንድ ነገሩ ሁሉ ሞት ነው በለኛ።"

"ሞትና መውለድ።"

"ይኼማ የእኔ ሥራ ነው፣ የአላህ አይደለም" አለ ዑመይር፤ ሻዩንም ጨለጠ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሮብና ዓርብ ወተት እንኳ አትነካም ይሉሃል። ፈጣሪ የለም እያልክ ለማን ነው የምትጾመው?"

"የለም የሚል ቃል አልወጣኝም። ፈጣሪማ አለ። የምንከራከረው እንዴት እንደሚሠራ ነው።"

"እኔ ደግሞ የምለው እንዲህ አሳምሮ መሥራቱ በእኔ ላይ ነው። ትንሽ አበላሽቶ ቢሠራው ምን ነበረበት?"

በዚሁ ተዋወቁ። ሁለት ወር ሙሉ፣ መምህሩ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ አንድ ክርክር። ዑመይር ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ተከራካሪ ነበር፤ ትላንት የገደለውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ሆዱን በምላጭ ከፍቶ "ይህንን አንጀት ማን ጠቀለለው?" ይላል። አጠገቡ የተቀመጡት ፓስቲያቸውን ይዘው ይሰደዳሉ። ዘይባ "ዑመይር፣ አስከሬንህን ከጠረጴዛዬ አንሳ፤ ሻይ ቤት እንጂ ሆስፒታል አልከፈትኩም" ትለዋለች። እርሱ አይሰማትም። ተከራክሮ የሚረታው ሰው ያገኘ ሳይሆን፣ ዕድሜ ልኩን ያየውን የሚነግረው ሰው ያገኘ ሰው ፊት ነበረው።

ሰኔ ላይ ግን ዑመይር ተከዘ። የመሕቡባ ጓሮ እያለቀ ነበር። አርባ እንሰት ወድቋል፤ ወጥመዱም አልያዝ አለ። ፍልፈሎቹ ዘዴ አወጡ፦ ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሲመጡ ጭንቅላታቸውን አያስቀድሙም፤ አፈር ከፊታቸው እየገፉ ይመጣሉ። ወጥመዱ በአፈሩ ላይ ይፈናጠራል፣ ሽቦው አፈር ያንቃል፣ ፍልፈሉ ከኋላው ሆኖ ይደፍንና እንሰቱን ወደ መብላት ይመለሳል። በመጨረሻ ዑመይር ግማሽ ቀን በአካፋ ቆፍሮ አንዱን በእጁ ያዘው። ሊገድለው ዱላ አንስቶ ተወው። አፉ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ፣ ክዳን አስሮ፣ በገበያ ቀን ወደ ዘይባ ሻይ ቤት ይዞት መጣ።

ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ጥግ ላይ የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ አብዱልሃፊዝ፣ ሌላው ጥግ ላይ የደብሩ መሪጌታ ሰይፉ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ በሃያ ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ነገር ቢኖር የዘይባ ሻይ ስኳር እንደሚያንሰው ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ሙስተፋ ከበርበሬ ነጋዴዎች ጋር ነው።

"ይኸው የማይታለለው" አለ ዑመይር፣ ጀሪካኑን ከመምህሩ ፊት አስቀምጦ። "አንተ በዕድል ነው ትላለህ። ይኼ ግን አስቦበታል። እኔን እንዲበልጠኝ ሆኖ ነው የተሠራው።" የአፈሩንም ዘዴ ነገረው።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። "ከሃያ ዓመት በፊት አፈር አስቀድሞ የሚገፋ ነበረ?"

"ከመቶ አንዱ። እብዱ።"

"በጭንቅላቱ የሚመጣውን ምን አደረግከው?"

"ገደልኩት።"

"ሁሉንም?"

"ወላሂ ሁሉንም። የአጎቱን ልጅ ሳይቀር።"

"እብዱንስ?"

"እብዱማ አመለጠኝ።"

"ታዲያ ማን ወለደ?"

ዑመይር ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል መንገድ ላይ አቆመው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሽቦ ያነቃቸው፣ በተረከዙ ያደቀቃቸው፣ በዱላ የፈጠፈጣቸው ሁሉ በፊቱ አለፉ። ሞኞቹ ሁሉ። ብልጦቹን ግን በየጓሮው እያራባ ኖሯል። በመሕቡባ ጓሮ የሚራኮተው የእርሱ የእጅ ሥራ ነው።

መምህር አበራ አስተማሪነቱ ተነሣበት። መብራት የጠፋበት ክፍል መሰለው መሰል ተነሥቶ ቆመ። "ጎበዝ፣ ስሙኝ" አለ ለቤቱ ሁሉ። "እዚህ ጀሪካን ውስጥ ያለውን ፍልፈል የሠራው እዚህ የተቀመጠው ዑመይር ነው። ሳያስብ፣ ሳያቅድ፣ በሃያ ዓመት ግድያ እርሱ ፈጠረው።"

የማኪያቶው ማሽን እንኳ መንፋቱን አቆመ።

"ማን ፈጠረው አለ?" አሉ መሪጌታ ሰይፉ፣ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ።

"ፍልፈል ገዳዩ ነው የፈጠረው አለ" አላቸው ሙስተፋ።

"አስተግፊሩላህ" አሉ ሐጂ አብዱልሃፊዝ።

"በስመ አብ" አሉ መሪጌታ።

ሙስተፋ ተነሥቶ ዑመይር ላይ ቆመ። "አንተስ? ፈጣሪ ነህ ሲሉህ ዝም ትላለህ?"

"ቆይ፣ እያሰብኩ ነው" አለ ዑመይር።

እዚህ ላይ "አልፈጠርኩም" ቢል ኖሮ ቡታጅራ ያን ቀን ሰላም ውላ ታድር ነበር። ሙስተፋ የተቀመጠበትን የብረት ወንበር አንሥቶ በቀኝ ክንዱ ላይ አወረደበት። አጥንቱ ሲሰበር ዑመይር የሚያውቀው ድምፅ ነበር፤ ከራሱ አካል ሲወጣ ግን አዲስ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት የሚተርክ የለም፤ የሚተርክ ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ነበረና። ብርጭቆ በረረ። ስኳር ማስቀመጫው የአንዱን ቅንድብ ከፍቶ ወደ ሌላው አለፈ። ከመምህሩ ጎን የቆመ አንድም ሰው አልነበረም፤ እርስ በርስ የሚደባደበው ሕዝብ ግን ሁለት ወረዳ ይሞላል። የድንበር ቂም፣ የውርስ ቂም፣ ባለፈው ዓመት ሠርግ ላይ ወንበር አልተሰጠኝም የሚል ቂም፣ ሁሉም ለፈጣሪ እየተባለ ተወራረደ። አንዱ የጋሪ ነጂ በአለንጋው ሲገርፍ የጎረቤቱ ጀርባ ላይ ካርታ ሣለ። ሌላው አፍንጫው ተጨፍልቆ ደሙን እየጠረገ "ስለ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ የጠየቀውን ሰው በቡጢ ጣለው። ሐጂ አብዱልሃፊዝ በከዘራቸው፣ መሪጌታ ሰይፉ በመቋሚያቸው ሰላም ሊያወርዱ ሲሞክሩ ከሁሉም ይበልጥ ራስ የፈነከቱት እነርሱ ሆኑ። ሙስተፋ ሁለተኛ ወንበር አነሣ። ዘይባ የፈላ ጀበና... አይደለም፣ ጀበና አልነበራትም፤ የፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ የማሽኗን ዙሪያ አስከበረች፤ የቀረበ ሁሉ ተለበለበ።

ጀሪካኑ ተረግጦ ተከፈተ። ፍልፈሉ ወጣ። በሕይወቱ ያላየውን ብርሃንና ጫማ ባንድ ላይ አየና አበደ፤ አንዱን ቁርጭምጭሚቱን፣ አንዱን ተረከዙን እየዘለዘለ ሲሄድ መምህር አበራ በአራት እግሩ ሆኖ ተከተለው። ዱላ ጀርባው ላይ እየወረደበት "አትርገጡት፣ ለተማሪዎቼ ነው" ይላል። ያዘው። ፍልፈሉም ያዘው። የግራ ትንሿን ጣቱን ጫፍ አንዴ ቀጨም አድርጎ እንደ ካሮት ቆረጣት፤ ተፍቶ ወደ ቀለበት ጣቱ አለፈና አጥንቱ ላይ ጥርሱን ተከለ።

የመምህሩ ጩኸት ጠረጴዛ ሥር ተጠልሎ የነበረውን ዑመይርን በጉልበቱ አስወጣው። ቀኝ እጁ ተሰብሯል። እንደወጣ ደግሞ በግራ እጁ ላይ አንድ ኩንታል የሚመዝን የበርበሬ ነጋዴ ወድቆበታል። ፍልፈል አንዴ ጥርሱን ከገጠመ አንገቱ ካልተሰበረ እንደማይለቅ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሌላ ሁለት ጊዜ ቢነክስ ደግሞ ጣቲቱ እንደምትሄድ ያውቃል። የቀረው አፉ ነበር። ሦስት ጥርስ፣ እነርሱም የተኳረፉ። የፍልፈሉን አንገት በጥርሱ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነከሰ። ፀጉሩ፣ አፈሩ፣ ትኩስ ደሙ አፉን ሞላው። ሁለቱ ጥርሶቹ ከሥራቸው ተነቃነቁ። በመጨረሻ ቀነጠስ አለ። ፍልፈሉ ለቀቀ፤ ዑመይርም ወደ ጠረጴዛው ሥር ተፋው፤ እዚያ ሥር ተሸሽጎ የነበረው የዘይባ ውሻ ያለውን ማስረጃ ሁሉ አፉ ውስጥ ከትቶ በጓሮ በር ወጣ።

በዚያች ቅጽበት ነው ሰዉ ዞሮ ያየው። መምህሩ ወለል ላይ፣ ከጣቱ ጫፍ ደም እየቀዳ። ዑመይር በጉልበቱ፣ አፉ መምህሩ እጅ ላይ፣ ጢሙ በደም እንደ አዋዜ ቀልቶ።

ድብድቡ ቆመ። የተፈነከተው ሁሉ የገዛ ፍንክቱን ረስቶ አፉን ከፈተ። "ቆረጠው" አለ አንዱ። "ዋጠው" አለ ሁለተኛው። ሦስተኛው መናኸሪያ ደርሷል።

መምህር አበራ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ለፖሊሱ "ፍልፈል ነው የነከሰኝ" አለ። ፖሊሱ "ፍልፈል ተብሎ ክስ አይከፈትም፤ ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በል" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ዑመይር ደግሞ ክንዱ በወጌሻ ታሽጎ፣ መንጋጋው አብጦ፣ አፉ በሻሽ ተጠፍንጎ አሥር ቀን ዝም አለ። አሥር ቀን ለወሬ መቶ ዓመት ነው። ዝምታው ትሕትና ተባለ። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ይነሣለታል። የፈነከቱት ሰዎች ትከሻውን ይስሙታል። ዘይባ ሻዩን በነፃ፣ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ሐጂ አብዱልሃፊዝ "ለፈጣሪው የቆመ ሰው" አሉት፤ መሪጌታ ሰይፉም "ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን ነው እንጂ ሰማዕት ነው" አሉ፤ በሃያ ዓመት ሁለተኛው ስምምነታቸው ይኼ ሆነ። የተማሪ ወላጆች ደግሞ "ፈጣሪ የለም የሚል መምህር ይነሣልን" ብለው መፈረም ጀመሩ።

ከሁሉ የተለወጠው ሙስተፋ ነበር። "በወንበር የመታኸው እርሱን አልነበረም እንዴ?" ሲሉት "መምህሩን ስሰነዝር ስቶኝ ነው፤ ወላሂ በደረቱ ነው የመከተው" ይላል። በአሥረኛው ቀን ሰው ላከ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይምጣ፤ ሐጂ አብዱልሃፊዝና ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሸሪኮቹም ይኖራሉ። ዑመይር ነገሩን በገዛ አፉ ይንገራቸው፤ ከዚያ መሕቡባ ለእርሱ እንድትሰጥ ፋቲሃ ይደረጋል።

ዓርብ ጠዋት ዑመይር ወደ መሕቡባ ጓሮ ሄደ። እርሷ የወደቀ እንሰት እየጎተተች ነበር፤ ልቡ ተበልቶ ባዶ ቅርፊት ሆኗል።

"አፍህ ተፈታ?" አለችው።

"ተፈታ። ግን እነሱ የሚሉት አልሆነም፣ መሕቡባ። እኔ የነከስኩት ፍልፈሉን ነው።"

መሕቡባ ከንፈሯን በሻሿ ጠረገች፣ የነከሰችው እርሷ እንደሆነች ሁሉ። "እንዲህ ብለህ ወንድሜ ፊት ልትናገር ነው? ፍልፈል በአፉ የያዘ ሰው ሊያገባኝ መጣ ልታስብል?"

"መምህሩን እኮ በዚህ ወሬ ሊያባርሩት ነው።"

"መምህሩ ሌላ ትምህርት ቤት ያገኛል። እኔ ሌላ ዑመይር የት አገኛለሁ?" እንሰቱን ጥላ ቀና አለች። "ሰው ሁሉ እንደሚለው በል። አዎ፣ ቆረጥኩት በል። አንዲት ቃል ናት፣ ዋጣት። አንተ ስንቱን ውጠሃል ይባል የለም?"

ሳቀች። እርሱም ሳቀ፤ ሲስቅ መንጋጋው አመመው። ሲመለስ መንገዱን ሁሉ "አዎ" እያለ እየተለማመደ ሄደ። ከአንድ አህያ ጋር ሲገናኝ ሳይቀር "አዎ" አለው። ቃሏ ቀላል ናት፣ ትወጣለች።

የሙስተፋ ቤት ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሰዉ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። ዑመይርን ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከጓዳው በር መጋረጃ ሥር የመሕቡባ እግር ጣቶች ይታያሉ። ሙስተፋ ሸሪኮቹን እያየ "ይኸው እርሱ ነው" አለ። "ወንድሜ ዑመይር፣ እንግዶቻችን ከአፍህ ሊሰሙ ጓጉተዋል። ምንም አታርዝም። አዎ ካልከን ሐጂ ፋቲሃውን ይጀምሩታል።"

ሐጂ አብዱልሃፊዝ መዳፋቸውን ለዱአ ከፈቱ። "በል ልጄ። ያ ካፊር አላህ አልፈጠረም ሲል ጣቱን በጥርስህ ቆረጥከው?"

ዑመይር አፉን ከፈተ። "አዎ" እዚያው ምላሱ ላይ ነበረች። ግን የያዘችውን ነገር ሲያስብ ያ ፍልፈል ታየው፤ አጥንት ላይ እንዴት እንደገባ፣ ጣቲቱን በአንድ ቀጨማ እንዴት እንደቆረጣት። በሃያ ዓመት ያየው ከሁሉ የበለጠ ንክሻ ነበር። ይህን ሥራ ለእነዚህ ሦስት ጥርሶች ሊሰጡ ነው።

"አልቆረጥኩም፣ ሐጂ" አለ።

መጋረጃው ሥር ያሉት ጣቶች ጠፉ። ሙስተፋ "ተው፣ ዑመይር" አለ ቀስ ብሎ።

"አልቆረጥኩም፣ አልዋጥኩም፣ በጥፊ እንኳ አልነካሁትም። ጣቱን የቆረጠው ፍልፈሉ ነው። እኔ የነከስኩት ፍልፈሉን ነው፤ አንገቱን፣ በዚህ አፌ። መምህሩም ፈጣሪ የለም አላለም፤ ከእናንተ ይበልጥ ይጾማል። ያለው ፍልፈሉን እንዲህ ያደረገው የእኔ ግድያ መሆኑን ነው፤ አስቤበታለሁ፣ እውነቱን ነው፤ አላህ በእኔ ዱላ አይሠራም ያለ ማን ነው? ያን ቀን የአላህን ሥራ ለራስህ ወሰድክ ብላችሁ አጥንቴን ሰበራችሁ፤ ዛሬ ደግሞ የፍልፈሉን ሥራ ለራስህ ውሰድ ትሉኛላችሁ። ለአላህ ብዬ የመታሁት ሰው የለም። የተመታሁት እኔ ነኝ፤ የመታኝም ይኼ ሙስተፋ ነው፣ አልሳተም፣ አልሞ ነው የመታኝ። ከሰማችሁት ውስጥ አንዱም አልተደረገም።"